ከአዲስ አበባ ዳር ያገኙትን ድንጋይ «ቅሪተ አካል ነው» ከማለትዎ በፊት

ትልቁ ስህተት ከቅርጹ መጀመር ነው። ክብ ከሆነ የዳይኖሰር እንቁላል፣ ረዘም ካለ አጥንት፣ ባለ ስድስት ማዕዘን ከሆነ ድንጋይ የሆነ ግንድ! ኧረ ቆይ፣ መጀመሪያ ድንጋዩ ራሱ ምንድን ነው? ከእንጦጦ እስከ ፉሪ፣ ከወጨጫ እስከ የረር ያለው አገር የእሳተ ገሞራ ውጤት ነው። ቀልጦ የፈሰሰ ዐለት ያገኘውን ያቃጥላል እንጂ አጥንት አያስቀምጥም። ዳይኖሰሮች የጠፉት ከ66 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ የእንጦጦ ድንጋይ ዕድሜ ግን ከ20 ሚሊዮን ዓመት ትንሽ ቢያልፍ ነው። እንቁላሉ የቱንም ያህል ቢያምር ሒሳቡ አይገጥምም።

ያ «እንቁላል» በስንጥቁ ውሃ የገባበት ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ማዕዘኖቹ ቀድመው በስብሰው መሃሉ ድቡልቡል ሆኖ ይቀራል፣ ሲነኩትም እንደ ሽንኩርት ይላጣል። «ግንዱ» ላቫ ሲቀዘቅዝ ተኮማትሮ የተሰነጠቀው ዓምድ ነው። ነጫጮቹ «ጥርሶች» ደግሞ ኋላ በካልሳይት (የኖራ ድንጋይ የሚሠራበት ማዕድን) ወይም ዚዮላይት በሚባል ሌላ ማዕድን የተሞሉ የጋዝ አረፋዎች ናቸው። የተሰበረውን ገጽ 10 እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ይዩት፤ አጥንት ከሆነ ውስጡ ስፖንጅ ይመስላል፣ የአረፋ ሙሌት ከሆነ ግን ክሪስታሎቹ ከዳር ወደ መሃል አድገው ይታያሉ።

ድንጋይ ላይ የተሳለ የሚመስለው ጥቁር «ቅጠል»ም ብዙ ሰው ያሳስታል። አብዛኛውን ጊዜ በስንጥቅ ውስጥ የሰረገ ማንጋኒዝ ነው። እውነተኛ ቅጠል መሃል ለመሃል የሚያልፍ ደም ሥርና ጥርት ያለ ጠርዝ አለው፤ ይሄኛው ከስንጥቁ አፍ ተነስቶ እንደ ቁጥቋጦ ይበተናል።

ይህ ሁሉ ሲባል በአካባቢው ቅሪተ አካል የለም ማለት አይደለም። ላቫው ባረፈባቸው ጊዜያት የተኛ የሐይቅና የወንዝ ደለል አለ፤ ከከተማው ወደ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ አዋሽ ዳር ያለው መልካ ቁንጥሬ፣ ደብረ ብርሃን አካባቢ ደግሞ የቅጠል ቅሪት የሞላበት የሙሽ ሸለቆ ምስክር ናቸው። ስለዚህ ዓይንዎን ከጥቁር ድንጋዩ ላይ አንስተው በንብርብር ወደተቀመጠው ደለል ያዙሩት።

የባሕር ዛጎል ያለበት ድንጋይ ሱሉልታ መንገድ ዳር ቢያገኙ «እዚህ ባሕር ነበር» ብለው አይቸኩሉ። ገልባጭ መኪና አራግፎት ሊሆን ይችላል። በሙገር ሸለቆና በአባይ በረሃ፣ ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን ሲወርዱ የሚታየው የኖራ ድንጋይ የጁራሲክ ዘመን (ዳይኖሰሮች የነበሩበት ዘመን) ባሕር ወለል ነበር። ዙሪያውን ይቃኙ፦ ተመሳሳይ ድንጋይ መሬት ውስጥ ተተክሎ አለ ወይስ እሱ ብቻውን ከጠጠርና ከስሚንቶ ፍርፋሪ ጋር ወድቋል?

ድንጋዩ የኖራ ድንጋይ መሆን አለመሆኑን በአቼቶ መፈተን ጥሩ ነው፤ ግን ዛጎሉ ላይ አያንጠባጥቡ፣ ይበላዋል። ከኋላ በኩል አዲስ የተሰበረ ጠርዝ ላይ አንድ ጠብታ ይበቃል። አቼቶ ደካማ አሲድ ስለሆነ አረፋው ካልታየ ጠርዙን በምስማር ፍቀው ዱቄቱ ላይ ይሞክሩት። ደግሞ አረፋ ማውጣቱ ካልሳይት መኖሩን እንጂ ቅሪተ አካል መኖሩን አያረጋግጥም፤ በጥቁር ድንጋይ አረፋ ውስጥ ያለው ካልሳይትም ይፈላል።

በምላስ መላስ ይቅርብዎ። አጥንት ምላስ ላይ ይጣበቃል የሚባለው እውነት ነው፣ ሸክላማ አፈርና የደረቀ የእሳተ ገሞራ አመድም ይጣበቃሉ፤ ከአቃቂ ወንዝ ዳር የተነሳ ድንጋይ ከሆነ ደግሞ ምላስዎ ላይ የሚቀረው ሌላ ነገር ነው።

በሽቦ ብሩሽ አይፈትጉት። ደለል ድንጋይን ውሃ ውስጥ አይዘፍዝፉ፣ ይፈረፈራል።

አሁን ደግሞ በጣም የሚያናድደው፦ ነቅሎ ቤት መውሰድ። ከተኛበት ንብርብር የተለየ አጥንት ግማሽ መረጃው ጠፍቷል፤ ዕድሜው የሚታወቀው በላዩና በታቹ ባለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። ካርቦን 14 የሚባለው የዕድሜ መለኪያ ከ50 ሺህ ዓመት ወዲያ አይሠራም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ደግሞ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው የማሳወቅ ግዴታ አለበት። እንዳለ ይተዉት፤ የስልክዎን ጂፒኤስ ቁጥር ይመዝግቡ፣ ማስመሪያ አጠገቡ አድርገው ከቅርብም ከሩቅም ፎቶ ያንሱ፣ ከዚያ ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ያሳውቁ። ፎቶውን በጠዋት ወይም ወደ ማታ ያንሱት፤ የቀትር ፀሐይ ጥላ ስለማይሰጥ ዛጎሉም ጭረቱም ልሙጥ ሆኖ ይወጣል።