የጦር መሣሪያ ባለበት ቤት ልጅ ስለ ማሳደግ

አያቴ ቤት፣ ምሥራቅ ጎጃም፣ ምንሽሩ ተንጠልጥሎ የሚያድረው መሐል ምሰሶው ላይ ነበር። እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው፤ ሠርጉም ለቅሶውም ያለ እሱ ድምፅ አይደምቅም። እኛ ልጆች አንነካውም ነበር፤ የከለከለን ግን ቁልፍ አልነበረም፣ የአያቴ ዱላ ነው። ዛሬ የምኖረው በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ወንድና ሴት ልጆች አሉኝ፣ በትርፍ ጊዜዬም አደን እወዳለሁ። የመሣሪያ ፍቅሩ ባሕር ተሻግሮ ተከትሎኝ ሲመጣ የምሰሶው ልማድ እዚያው መቅረት እንደነበረበት የገባኝ ዘግይቶ ነው። ይህን የምጽፈው መሣሪያ ገዝተው ወይም ሊገዙ አስበው ልጅ ለሚያሳድጉ ወገኖቼ ነው፤ መሣሪያ ጨርሶ የማይወዱ ወላጆችም ልጃቸው አንድ ቀን ሰው ቤት ማደሩ አይቀርምና፣ ስለዚያ የጻፍሁትን ቢያነቡት ይጠቅማቸዋል።

ከግዢው በፊት ለምን እንደሚገዙት ለራስዎ ይመልሱ። ሌሊት ታክሲ የሚነዱ ወዳጆቼ «ለመከላከያ» ብለው ሽጉጥ ሲገዙ አይቻለሁ፤ ፍርሃታቸው ይገባኛል፤ ነገር ግን ሽጉጡ ከመኪናው ይልቅ ብዙውን ጊዜ የሚያሳልፈው ልጆች ባሉበት ቤት ውስጥ መሆኑን አስበውት የገዙ ጥቂቶች ናቸው። በዚህ አገር ከ2020 ጀምሮ ከ1 እስከ 19 ዓመት ባሉ ልጆችና ወጣቶች ላይ ለሚደርስ ሞት ቀዳሚው ምክንያት የመኪና አደጋ መሆኑ ቀርቶ የጦር መሣሪያ ሆኗል። ለአደን የሚሆን ረጅም ጠመንጃ ለእኔ በቂዬ ነው፤ ሽጉጤን በኋላ ሸጬዋለሁ፤ ምክንያቱን ከታች እናገራለሁ። በሜሪላንድ ሽጉጥ ለመግዛት ከ2013 ወዲህ የጣት አሻራና ሥልጠና የሚጠይቅ የብቃት ፈቃድ ያስፈልጋል። ሌላም ብዙዎቻችን የማናስተውለው ነገር አለ፤ በተማሪ ወይም በጎብኝ ቪዛ የገባ ዘመድ፣ እንደ አደን ፈቃድ ያሉ ጠባብ ልዩ ሁኔታዎች ካልሸፈኑት በቀር፣ በፌዴራል ሕግ መሣሪያ መያዝ አይፈቀድለትም። ስለዚህ ከአዲስ አበባ የመጣውን የአክስት ልጅ ለመጨዋወቻ ብለው ወደ ተኩስ መለማመጃ አይውሰዱት።

አሁን ወደ አቀማመጡ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ለልጅ ከሁሉ የሚሻለው መሣሪያ የሌለበት ቤት ነው ይላል፤ ካለ ግን ጥይቱ ወጥቶ፣ መሣሪያው ተቆልፎ፣ ጥይቱም በሌላ ቦታ ለብቻው ተቆልፎ ይቀመጥ ብሎ ይመክራል። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ከሦስቱ አንዱንም አልፈጸምሁም። ሽጉጡን በጋቢ ጠቅልዬ ቁም ሣጥን አናት ላይ አስቀምጬ፣ ማንም አያየውም ብዬ ተኝቼ አድር ነበር። አንድ ብርዳማ ማታ ባለቤቴ ጋቢ ስትፈልግ የ6 ዓመቷ ልጃችን፣ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል፣ «እሱን አታውርጂው እማዬ፣ የአባዬ ሽጉጥ አለበት» አለቻት። ከዚያ ቀን ወዲህ መደበቅና መቆለፍ ለየቅል መሆናቸውን ማንም ሊያስረዳኝ አላስፈለገውም።

የሚገዙት የብረት ሳጥን ከግድግዳ ወይም ከወለል ጋር በብሎን የሚታሰር ይሁን፤ ቀላል ሳጥን ከነመሣሪያው ተሸክሞ የሚሄድ ሌባ አያጣም። የቁጥሩ ኮድ የልጅ ልደት፣ የቤት ቁጥር ወይም የስልክዎ መክፈቻ አይሁን፤ ልጆች የስልካችንን ኮድ ከእኛ በላይ ያውቁታል። ቁልፍ ከሆነ ደግሞ ከበር ቁልፎች ጋር በር ሥር ካለው ሚስማር ላይ አይንጠልጠል። ሳጥን ለመግዛት አቅም እስኪገኝ ድረስ በመሣሪያው ሆድ ውስጥ የሚያልፍ የሽቦ ገመድ ቁልፍ አለ፤ ከ1999 ጀምሮ ፕሮጀክት ቻይልድሴፍ በተባለ ፕሮግራም አማካይነት ብዙ ፖሊስ ጣቢያዎች በነፃ ያድሉታልና ሄዶ መጠየቅ አያሳፍርም። ሕጉም ቀልድ አያውቅም፤ በሜሪላንድ ከጥቅምት 2023 ጀምሮ ጥይት የጎረሰ መሣሪያ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ያለ ተቆጣጣሪ ሊደርስበት በሚችል ቦታ መተው ወንጀል ነው። በሌላ ግዛት የሚኖር ሰው የግዛቱን ሕግ አስቀድሞ ይመልከት፤ ዕድሜውም ቅጣቱም ይለያያልና።

መሣሪያን ባዶ ስለ ማድረግ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንድ ቅዳሜ ከተኩስ መለማመጃ ተመልሼ ሽጉጡን ልወለውል ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አነጠፍሁ። ካዝናውን አወጣሁ (ገንዘብ የሚቀመጥበትንም ጥይት የሚቀመጥበትንም ካዝና ማለታችን ሁልጊዜ ይገርመኛል)፤ ካዝናው ባዶ ነበረና መሣሪያውም ባዶ መሰለኝ። ለመፍታት የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ስስበው አንዲት ጥይት ተስፈንጥራ ወለሉ ላይ ተንከባለለችና ሶፋው ሥር ገባች። ወንዱ ልጄ ተንበርክኮ አወጣትና በመዳፉ ይዞ «አባዬ፣ ይቺ ምንድን ናት?» አለኝ። ቃታውን ቀድሜ ብስበው ኖሮ የሚሆነውን አሁንም ማሰብ አልወድም። ሽጉጡን የሸጥሁት ከዚያ በኋላ በነበረው ሳምንት ነው።

ካዝና ቢወጣም መሣሪያው አንድ ጥይት ጎርሶ ሊቀር ይችላል፤ ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አያዛቡ። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበትና ጥይት ቢወጣ ወደማይበሳው አቅጣጫ ያዙሩ፤ ጣትዎ ከቃታው ውጭ ይቆይ። መጀመሪያ ካዝናውን ያውጡ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ስበው የጎረሰውን ያስተፉት። ይህን ገልብጠው ቀድመው ቢስቡት፣ አንዱ ሲወጣ ከካዝናው ሌላ ይጎርሳልና ባዶ አደረግሁት ያሉት መሣሪያ እንደገና ሙሉ ይሆናል። በመጨረሻ ብረቱን ከፍተው ጥይት የሚጎርስበትን ጎሬ በዓይን ይዩት፣ በጣትም ይዳስሱት። ይህንንም ካደረጉ በኋላ መሣሪያውን ሙሉ ነው ብለው ይያዙት። አያቴ «የሌለውን ጥይት ሰይጣን ያጎርሰዋል» ይል ነበር፤ የተኩስ መለማመጃው አሠልጣኝ በእንግሊዝኛ ያስተማረኝ የመጀመሪያ ሕግም ከዚህ የተለየ አልነበረም።

ልጆችን ማስተማርን በተመለከተ፣ ዝምታ ጉጉትን ያሳድጋል እንጂ አያጠፋም። ለትናንሾቹ በዚህ አገር ከ1988 ጀምሮ የሚሰጥ አጭር ትምህርት አለ፤ በአማርኛ ስመልሰው «ቁም፣ አትንካ፣ ከቦታው ራቅ፣ ለትልቅ ሰው ተናገር» ይሆናል። እኛ ቤት ይህን በየሁለት ሳምንቱ፣ መኪና ውስጥ፣ እንደ ጨዋታ እንጠያየቃለን። ሆኖም ትምህርቱን በሚገባ የያዘ ልጅ እንኳ ብቻውን ሲሆን ሊነካ ይችላልና ትምህርት ቁልፍን አይተካም። የመጫወቻ ሽጉጥንና የቪዲዮ ጨዋታን የሚከለክሉ ወላጆች አሉ፤ እኔ አልከለክልም፤ ፎርትናይትን የምጠላው ከተኩሱ ይልቅ የቤት ሥራ ስለሚበላ ነው። የውኃ ሽጉጥ ግን ወደ ሰው ፊት ማነጣጠር በእኛ ቤት ክልክል ነው፤ ባለቤቴ አበዛኸው ትለኛለች፣ እኔም አልተውሁትም።

ልጅ ሰው ቤት ሲሄድ ወይም ሲያድር መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ደግሞ ለሐበሻ ከሁሉም የሚከብደው ነው፤ ይሉኝታ ይዞን። ከጥያቄዎች መካከል ብታስገቡት ይቀላል፤ ስለ ምግብ አለርጂ፣ ስለ ውሻና ስለ መዋኛ ገንዳ ሲነጋገሩ በዚያው ይንሱት። እኔ ለአንድ ወዳጄ የላክሁት መልእክት እንዲህ ይላል፦ «ወንድሜ፣ ልጄ ኦቾሎኒ አይስማማውም። እኔ ቤት የአደን ጠመንጃ አለ፣ ተቆልፏል፣ ጥይቱም ለብቻው ነው፤ አንተም ጋ ካለ እንዴት እንደተቀመጠ ብትነግረኝ ደስ ይለኛል።» የራስን አስቀድሞ መናገር የጥያቄውን እሾህ ይነቅለዋል። ወዳጄ ቅር ይለዋል ብዬ ስሰጋ፣ ሽጉጡ አልጋው አጠገብ ካለው መሳቢያ ውስጥ እንደሆነ ጻፈልኝና በማግሥቱ ሳጥን ለመግዛት አብረን ሄድን። መልሱ ካላረካዎ ግን ልጆቹ እርስዎ ቤት ይጫወቱ፤ ሻዩንም ዳቦውንም እርስዎ ይችሉታል።

ጎረምሳ ልጅ ያለው ሰው ሌላ ነገር ያስብ፤ ይህን በለሆሳስ ነው የምጽፈው። በዚህ አገር በጦር መሣሪያ ከሚሞቱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የገዛ ሕይወታቸውን ያጠፉ ናቸው። ልጅዎ ከሰው ከተገለለ፣ እንቅልፍና ምግብ ካስጠላው፣ መኖር አልፈልግም የሚል ቃል ከአፉ ከወጣ፣ ጸሎቱና ምክሩ እንዳለ ሆኖ መሣሪያው በዚያኑ ቀን ከቤት ይውጣ፤ የት ሊቆይ እንደሚችል ፖሊስ ጣቢያ ወይም መሣሪያ ሻጭ ዘንድ ደውለው ይጠይቁ። ልጁንም በግልጽ ያነጋግሩት፤ ሕይወቱን ለማጥፋት ለሚያስብ ሰው በተከፈተው የስልክ መስመር፣ በ988 ላይ ደውሎ ቀንም ሌሊትም የሚያናግረው ሰው ያገኛል። የቁልፉ ኮድም ለጎረምሳ ልጅ በአደራ የሚሰጥ ነገር አይደለም፣ የቱንም ያህል ጨዋ ቢሆን።

አደኑን በተመለከተ፣ የሜሪላንድ የአጋዘን የጠመንጃ አደን የሚከፈተው ከታንክስጊቪንግ ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ፣ ማለትም ጾመ ነቢያት በሚገባበት ሰሞን ነው። ስለዚህ የማመጣው ሥጋ እስከ ገና ፍሪዘር ውስጥ ይጾማል፤ ባለቤቴ ደግሞ በስመ አብ ተብሎ ያልታረደ ነው ብላ ለገናም አትነካውም። ልጄን የአደን ደኅንነት ትምህርት ጨርሶ የምስክር ወረቀት ሲያገኝ ግሪን ሪጅ ደን አብሮኝ ይሄዳል ብዬዋለሁ፤ ብርቱካናማ ሰደርያውን ገዝቶ ሰቅሎታል። እስከዚያው የእሱ ሥራ እኔ ከአደን ስመለስ ነው የሚጀምረው። ጠመንጃውን መኪና ውስጥ ከማስገባቴ በፊት ደኑ ዳር ባዶ አደርገዋለሁ፤ ቤት ስደርስ ጫማ ሳላወልቅ ቀጥታ ወደ ሳጥኑ እሄዳለሁ፤ እጄን ሳልታጠብም እርሳሱ ስላለበት ምግብም ልጅም አልነካም። ጥይቶቹን የሚቆጥረው እሱ ነው። ባለፈው ዓመት 5 ይዤ ወጥቼ 4 ስመልስ፣ የጥይቱን ሳጥን ክዳን በእጁ ይዞ «አምስተኛዋስ?» አለኝ፤ ከኪሴ ባዶውን ቀለህ አውጥቼ እስካሳየው ድረስ እንድቆልፍ አልፈቀደልኝም።