ባሕር ዳር ላይ የሰውና የኮምፒውተር ምርምር ጉባኤ እንዴት ይዘጋጃል?

ሰው ስልክ ወይም ኮምፒውተር ሲጠቀም የቱ ጋ እንደሚቸገርና ለምን እንደሚቸገር የሚያጠና ዘርፍ አለ። ባለሙያዎቹ ሂውማን ኮምፒውተር ኢንተራክሽን ይሉታል። በአፍሪካ ደረጃ አፍሪቺ የተባለው ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2016 ናይሮቢ ላይ ተጀመረ፤ በ2018 ደግሞ ናሚቢያ፣ ዊንድሆክ ላይ ተካሄደ። እኛም የሁለት ቀን የክልል ጉባኤ ማሰናዳት አያቅተንም። ብቻ ስለ ተጠቃሚ ሲወራ ተጠቃሚው ራሱ ከቦታው እንዳይጠፋ።

መጀመሪያ ቀኑን ቁረጡ። ክረምቱ ይለፍ። ጥምቀት ሰሞንም አይሁን፣ አልጋ ይወደዳል። የኅዳር መጀመሪያ ደስ ይላል፤ የነቢያት ጾም የሚገባው ኅዳር 15 ስለሆነ ምግቡም ይቀላል። ረቡዕና ዓርብን ግን አትርሱ፣ በያይነቱ ይዘዝ።

ለአዳራሽ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲን ፖሊ ግቢ ጠይቁ። ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ቴክኒክ ሲማሩበት የኖረ ግቢ ነው፤ የሚያግዙ ተማሪዎችም እዚያው አሉ። ጀነሬተር መኖሩን በአፍ ብቻ አትመኑ፣ ሄዳችሁ አስነሱት።

ቀጥሎ የጥሪ ደብዳቤው። «3:00» ብላችሁ ብቻ አትላኩ። ከውጭ የሚመጣ እንግዳ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ሊመጣ ይችላል። «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» በሉ፣ የውጭውንም አቆጣጠር ከጎኑ ጻፉ። የምዝገባ ፎርሙ ላይም «የቤተሰብ ስም» የሚል ቦታ አይኑር። ያለን የራሳችን ስምና የአባታችን ስም ነው። አንድ ስብሰባ ላይ አንገቴ ላይ የተንጠለጠለው ባጅ የአባቴን ስም ብቻ ይዞ ነበር። ሰው ሲጠራኝ እኔን መሆኑ ትዝ ስለማይለኝ ዞር አልልም ነበር። ስለ ሰው የሚመክር ጉባኤ የሰውን ስም በትክክል መያዝ አለበት።

የመጀመሪያው ቀን ጥናት ይቀርብበት፣ ለአንድ አቅራቢ 15 ደቂቃ ይበቃል። ስላይዱ በእንግሊዝኛ ቢሆንም ውይይቱ በአማርኛ ይሁን፤ ያኔ ዝም ያለው ሁሉ ይናገራል።

ዋናው ሥራ የሁለተኛው ቀን ጠዋት ነው። ሦስት ሦስት ሆናችሁ ወደ ገበያና ወደ ሐይቁ ዳር ውጡ። አንዱ ያናግር፣ አንዱ ይጻፍ፣ ሦስተኛው ስልኩን የሚሞክረውን ሰው እጅ ብቻ ይይ። ብር መላክን የሚያስመስል የመሞከሪያ አፕ የተጫነበት ስልክ ያዙ፤ እውነተኛ ብር አይነካም። ፈቃድ ጠይቁ፣ ላጠፉት ጊዜም ክፈሉ። «እማማ፣ የምንፈትነው ስልኩን እንጂ እርስዎን አይደለም» በሉ። ከዚያ «ለልጅዎ 50 ብር ይላኩ» ብላችሁ ዝም በሉ። ዝምታው ነው የሚከብደው፣ እጃችሁ ሊረዳ ይቸኩላል።

አንዲት ዓሣ የሚሸጡ እናት ጋ ያየሁት እስካሁን ከፊቴ አልጠፋም። ፀሐዩ ስክሪኑን ሲያጠፋባቸው ነጠላቸውን ከለል አደረጉበት። ቁጥሩን በደንብ አስገቡ። አውራ ጣታቸው «አረጋግጥ» የሚለው ላይ ደርሶ ቆመ። ቀና ብለው፣ «ልኬዋለሁ ወይስ ገና አልላክሁትም?» አሉኝ። ያቺ አንዲት ጥያቄ ብዙ ገጽ ጥናት ታህላለች። «ብሩን ላክ» ቢባል ምን ነበረበት?

አንድ ቡድን ስልኩን 5 ሰው ቢያስሞክር ይበቃል። ጃኮብ ኒልሰን የተባለው የዘርፉ ሰው እ.ኤ.አ. በ2000 እንደጻፈው አብዛኛው ችግር ከ5 ሰው ጋር ይገለጣል። የእናንተ 5 ሰው ግን ሁሉም ተማሪ አይሁን፤ ባጃጅ ነጂም፣ አዛውንትም፣ ፊደል ያልቆጠረም ይግባበት።

ከሰዓት በኋላ ያያችሁትን በወረቀት ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ከጠዋቱ ሰዎች ሁለት ሦስቱን ጋብዙ፤ የፊተኛው ወንበር የእነሱ ይሁን፣ ያልተስማሙበትንም ያርሙ።

በሳምንቱ ውጤቱን በአንድ ገጽ በአማርኛ አትሙ። መጀመሪያ የሚወሰደው ለዓሣ ሻጯ እናት ነው። ማንበብ ካልቻሉ አጠገባቸው ቁጭ ብላችሁ አንብቡላቸው።