ኡፕሳላ ለሚማር የውጭ ተማሪ፦ ከናሽን አባልነት እስከ ቫልቦርግ በዓል እንዴት ይገባበታል?

የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው በ1477 ነው፤ በኖርዲክ አገሮች ካሉት ሁሉ አንጋፋው ነው። ከተማዋ ከስቶክሆልም በባቡር 40 ደቂቃ ያህል ብቻ ብትርቅም ተማሪው ለመዝናናት ወደ ዋና ከተማው አይሮጥም። ሕይወቱ የሚሽከረከረው ናሽን በሚባሉት 13 የተማሪ ማኅበራት ዙሪያ ነው፤ ርካሹ ምሳ፣ መጠጥ ቤቱ፣ ጭፈራው፣ መዘምራኑ፣ ቴአትሩ፣ የጥናት ክፍሉ ሳይቀር እዚያ ይገኛል። የውጭ ተማሪ የሚቸገረው መግቢያውን ባለማወቁ ነው። «ግባና ቡና ጠጣ» ብሎ ከበር ላይ የሚጠራ የለም፤ በሩ የሚከፈተው አባል ለሆነ፣ አስቀድሞ ለተመዘገበና በሰዓቱ ለተገኘ ነው። ወዳጅ ደግሞ በእንግድነት ከመቀመጥ ይልቅ ወጥ ቤት ገብቶ በመሥራት ቶሎ ይገኛል። ይህን ቀድሞ ያወቀ ተማሪ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ያተርፋል።

እዚህ ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ሰዓቱም እዚያው እንደሚጻፈው በ24 ሰዓት ነው።

1. ናሽን መምረጥ

ናሽኖች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ከአንድ ክፍለ ሀገር የመጡ ተማሪዎች የመሠረቷቸው ናቸው፤ የእኛን የአገር ልጆች መረዳጃ ማኅበር ይመስላሉ። ኖርላንድስ፣ ስሞላንድስ፣ ጎተቦርግስ፣ ካልማር፣ ጎትላንድስ እየተባሉ እስከ ዛሬ በየአካባቢው ስም ይጠራሉ እንጂ አሁን ማንም የፈለገውን መርጦ ይገባል። እስከ 2010 አጋማሽ ድረስ አባልነት ግዴታ ነበር፤ ዛሬ በፈቃድ ነው።

የአንዱ አባል የሆነ ሰው የሌሎቹም ቤት ይከፈትለታል። ስለዚህ ለምርጫው ብዙ አትጨነቁ፤ ሦስት ነገር ብቻ ተመልከቱ። የምትፈልጉት መዘምራን ወይም የቴአትር ቡድን አለው? ከምትኖሩበት ይቀርባል? ስፋቱስ? ትልቁ ኖርላንድስ ነው፤ ትልልቆቹ ጋ የሚሠራ ነገር አይጠፋም፣ ግን በሕዝቡ መሃል መጥፋትም ይቀላል። ትንንሾቹ ጋ ሁለት ሦስቴ ብቅ ካላችሁ በስማችሁ ይጠሯችኋል። ለአንድ ሴሚስተር ብቻ የሚመጣ ሰው ትንሹን ቢመርጥ ይሻለዋል። አንዳንዶቹ የተማሪ ቤት ያከራያሉ፤ ነገር ግን ወረፋው ረጅም ስለሆነ ለአጭር ጊዜ የመጣ ተማሪ ለቤት ብሎ ናሽን መምረጡ ትርፍ የለውም።

2. መመዝገብ

የመጸው ሴሚስተር በነሐሴ መጨረሻ፣ የጸደዩ በጥር አጋማሽ ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የናሽኖቹ ቢሮ በሰፊው ክፍት ነው፤ ከዚያ በኋላ በሳምንት ለጥቂት ሰዓት ብቻ የሚከፍቱ አሉ። ይዛችሁ የምትሄዱት ፓስፖርት፣ የዩኒቨርሲቲው የቅበላ ደብዳቤ ወይም የሴሚስተሩ የምዝገባ ማረጋገጫ፣ እና የባንክ ካርድ ነው። ክፍያው ከናሽን ናሽን ይለያያል። የሚያገለግለው ለአንድ ሴሚስተር ስለሆነ በጥር መታደሱን አትርሱ፤ አዲሱ ሴሚስተር ገብቶ በር ላይ የሚመለሰው ብዙውን ጊዜ ይህን የረሳ ነው።

በር ላይ ሁለት ነገር ይጠየቃል፤ አባልነትና መታወቂያ። እዚህ ላይ ከአውሮፓ ውጭ የመጣ ተማሪ አዘውትሮ ይሳሳታል። የመኖሪያ ፈቃድ ካርዱ ፎቶ ስላለበት መታወቂያ ይመስላል፣ ግን አይደለም፤ የስዊድን የስደተኞች መሥሪያ ቤት ራሱ ካርዱ ለመታወቂያነት እንደማያገለግል ይናገራል። ስልክ ላይ ያለ የፓስፖርት ፎቶም አይሠራም። አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የምትቆዩ ከሆነ በግብር መሥሪያ ቤቱ ተመዝገቡና የግል ቁጥር አውጡ፤ ከዚያ በኋላ መታወቂያ ካርድ ከዚያው መጠየቅ ትችላላችሁ። እስከዚያ ድረስ ዋናውን ፓስፖርት መያዝ ነው፤ ኮት ማስቀመጫ ውስጥ ትታችሁት አትግቡ።

ክፍያም ላይ ተመሳሳይ ነገር አለ። አገሬው ሁሉ ስዊሽ በሚባል የስልክ መተግበሪያ ነው የሚከፋፈለው፤ ስዊሽ ደግሞ የስዊድን ባንክ ሒሳብ ይፈልጋል፣ ይህም ያለ ግል ቁጥር በቀላሉ አይገኝም። ጥሬ ገንዘብ የማይቀበል ቤት ብዙ ስለሆነ የባንክ ካርድ ከኪሳችሁ አይጥፋ።

3. ሰዓቱን መረዳት

ትምህርት «በ10» ከተባለ የሚጀመረው 10:15 ላይ ነው። ይህ የአካዳሚ ሩብ ሰዓት የሚባለው ነው። «10:00» ተብሎ ከነደቂቃው ከተጻፈ፣ ወይም «ፕሪክ» ከተባለ ግን ልክ 10 ማለት ነው። ከ18:00 በኋላ ላለ የተማሪ ግብዣ ደግሞ ሩቡ እጥፍ ይሆናል፤ ከሰዓቱ ቀጥሎ «ዲ» እና «ኬ» የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ካያችሁ ግማሽ ሰዓት ጨምሩ፤ በ19 የተጠራ 19:30 ይጀምራል። ልማዱ የማርፈድ ፈቃድ እንዳይመስላችሁ! 19:31 የደረሰ ሰው አርፍዷል፤ እራት ላይ ከሆነ ሁሉም ተቀምጦ እያየው ነው የሚገባው።

ፍሎግስታ በሚባለው የተማሪዎች መንደር የሚኖር ሰው ሌላም ሰዓት ይማራል። ማታ 22:00 ሲሆን ተማሪዎች ከየመስኮቱና ከሰገነቱ ወጥተው ይጮኻሉ። የቆየ ልማድ ነው፤ ፖሊስ አትጥሩ፣ ከፈለጋችሁ አብራችሁ ጩኹ።

4. አንድ ፈረቃ መሥራት

መጀመሪያ በቀን ሂዱ። ፊካ ማለትም ቡናና ኬክ፣ ወይም የሰንበት ረፋድ ቁርስ ምዝገባ አይጠይቅም። ቤቱን ካያችሁ በኋላ ግን ወደ ባንኮኒው ተጠግታችሁ «ለመሥራት የት ልመዝገብ?» በሉ። ናሽኖች ከላይ እስከ ታች የሚሠሩት በተማሪ እጅ ነው፤ ሳህን የሚያጥበው፣ ሥጋ የሚጠብሰው፣ ኮት የሚቀበለው ተማሪ ነው። ሰው ሁልጊዜ ይጎድላቸዋል፤ ለብዙው ሥራም ስዊድንኛ አያስፈልግም።

ለጀማሪ የሚሻለው ወጥ ቤት ነው። የኮት ማስቀመጫው ቀላል ይመስላል፣ ግን ሲገባና ሲወጣ ግርግር፣ መሃሉ ለብቻ መቆም ነው። የመጠጡ ባንኮኒ ደግሞ ጩኸቱ በባዕድ ቋንቋ ያደክማል። ወጥ ቤት ውስጥ ሦስት አራት ሰው አንድ ላይ ሽንኩርት ሲከትፍ ዝም ብሎ አይከትፍም፤ በመንገድ ላይ ሰላምታ የሚቆጥበው ስዊድናዊ እጁ ሥራ ሲይዝ አፉ ይፈታል። ለዚህ ነው አራት ጭፈራ ከመሄድ አንድ ፈረቃ ይበልጣል የምንለው።

ክፍያው ትንሽ ነው። ምግብ ይሰጣል፤ በኋላ ደግሞ ለሠራተኞች የምስጋና ግብዣ ይደረጋል፣ ብዙ ሰው ለእሱ ብሎ ነው የሚሠራው። ከመጀመራችሁ በፊት ደመወዙ ወደ የትኛው የባንክ ሒሳብ እንደሚገባ ጠይቁ። አንዴ ስማችሁን ጽፋችሁ ከቀራችሁ ግን ሁለተኛ አይጠሯችሁም። ከታመማችሁ ተተኪ ፈልጉ፣ ካጣችሁም በጊዜ አሳውቁ።

5. ጋስክ ላይ መቀመጥ

ጋስክ የናሽኖቹ ትልቅ እራት ነው፤ ሦስት ዓይነት ምግብ ተራ በተራ ይቀርባል፣ በመሃሉ ይዘመራል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ከዚያ ጠረጴዛው ተነሥቶ ይጨፈራል። በየሴሚስተሩ መጀመሪያ ለአዲስ አባላት የሚደረገውን አትለፉት፤ ግራ የሚጋባው ብቸኛው ሰው እናንተ አትሆኑም።

ምዝገባው ከሳምንታት በፊት ይከፈትና ይዘጋል፤ ከተመዘገቡ በኋላ መቅረት ገንዘቡን አያስመልስም። ቅጹ ላይ ሁለት ጥያቄ በጥንቃቄ ሙሉ። አንደኛው መጠጡ ነው፤ አልኮል የሌለበትን መምረጥ ይቻላል፣ ማንም አይጠይቃችሁም። ሁለተኛው ምግቡ ነው። የምትጾሙ «ቪጋን» በሉ፤ «ቬጀታሪያን» ካላችሁ ቅቤ፣ እንቁላልና አይብ ይመጣል። ሙስሊም ተማሪም ቢሆን ቬጀታሪያን ማለቱ ከሥጋው ጥያቄ ያሳርፈዋል፤ ጣፋጩ ውስጥ ጄላቲን እንዳይኖር ግን ጨምሮ ይጻፍ። እዚያ ደርሶ ለአስተናጋጁ መንገር አይሠራም፤ ሳህኑ በስም ተቆጥሮ ነው የተዘጋጀው።

አለባበሱ ግብዣው ላይ ይጻፋል። «ካቫይ» ካለ ኮትና ሸሚዝ ይበቃል፤ «ሞርክ ኮስቲም» ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ሰማያዊ ሙሉ ልብስ ከነክራቫቱ ነው። «ፍራክ» ካለ ጅራታም ኮትና ረጅም የእራት ቀሚስ ነው፤ አንድ ምሽት ለመልበስ ተከራይቶ መክፈል ያስቆጫል። ደግነቱ የስዊድን ሥርዓት የአገር ባህል ልብስን ከፍራክ እኩል ይቆጥራል። የሐበሻ ቀሚስ ከነነጠላው ለትልቁ ዳንስ እንኳ ሙሉ በሙሉ የተገባ ነው።

ጠረጴዛው ላይ ስማችሁ ተጽፎ ይጠብቃችኋል። ካርዱን ወደ ጓደኛ አታዛውሩ፤ ከማያውቁት ሰው አጠገብ ማስቀመጣቸው ሆን ተብሎ ነው። ብርጭቆ ሲነሣ ከጎን ካሉት ጋር፣ ከፊት ለፊት ካለው ጋር ዓይን ለዓይን መተያየት አለ፤ ከተጎነጩ በኋላም እንደገና መተያየት። ውኃም ቢሆን ያው ነው። የመዝሙሩ መጽሐፍ ከናሽኑ ይገዛል፤ ዜማውን የማታውቁ ከሆነ ቃሉን እያያችሁ አፋችሁን አንቀሳቅሱ፣ ሦስተኛው ላይ ትይዙታላችሁ። ጎረቤታችሁ መጽሐፉ ላይ አንድ ነገር እንዲጽፍላችሁ መስጠት የተለመደ ነው። በመዝሙርና በንግግር መሃል መነሣት ግን ነውር ነው። ዕረፍት እስኪታወጅ መጠበቅ ስላለ መጸዳጃ ቤት ከመቀመጣችሁ በፊት ሂዱ።

መዝሙር የሚወድ ሰው ከዚህ ማለፍ ይችላል። ብዙዎቹ ናሽኖች የራሳቸው መዘምራን አሏቸው፣ የድምፅ ፈተናውም በሴሚስተሩ መጀመሪያ ነው። መሣሪያ በደንብ የሚጫወት ደግሞ ከ1627 ጀምሮ ያለው የዩኒቨርሲቲው የንጉሣዊ ኦርኬስትራ አለለት። ስፔክስ የሚባለው አስቂኝ ቴአትር ግን የቃላት ጨዋታ ስለሆነ ስዊድንኛ ለማይችል ሁለት ሰዓት ቅጣት ነው።

6. የዓመቱን በዓላት በቀን መያዝ

በመስከረም ሁለተኛው ቅዳሜ የባህል ሌሊት ነው፤ ሙዚቃውና ትርዒቱ ከተማውን ሁሉ ያዳርሳል፣ አብዛኛው በነጻ ነው። ታኅሣሥ 13 ሉቺያ የሚባለው የብርሃን በዓል ነው። በዚያ ሰሞን ፀሐይ ከ15:00 በፊት ትጠልቃለች፣ ነጭ ለብሰው ሻማ የያዙት ዘማሪዎች የሚታዩት በዚያ ጨለማ ነው። ለካቴድራሉ ትኬት ያስፈልጋል፤ በየትምህርት ክፍሉና በየናሽኑ የሚደረገውን ግን ቆሞ ማየት ይቻላል። ብስክሌት የምትነዱ በጨለማው ወራት ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት ግዴታ ነው፤ ያለዚያ ቅጣት አለ።

ትልቁ ግን ሚያዝያ 30 የሚውለው ቫልቦርግ ነው። ቀኑ እንዲህ ይሄዳል። ጠዋት 10:00 ላይ የምህንድስና ተማሪዎች ከስታይሮፎም በሠሯቸው ታንኳዎች በፊሪስ ወንዝ ይወርዳሉ፤ ፏፏቴው ላይ አብዛኛው ይገለበጣል፣ ሕዝቡም ይህን ለማየት ነው የሚመጣው። ፏፏቴው አጠገብ ቦታ የሚፈልግ ሰው 9:00 ሳይሞላ መድረስ አለበት። እኩለ ቀን ላይ በናሽኖቹ ውስጥ በኮምጣጤ የተቀመመ ሄሪንግ ዓሣ ከድንች ጋር ይበላል፤ ለዚህ ትኬት በቅድሚያ ነው። 15:00 ላይ የዩኒቨርሲቲው ርእሰ መምህር ከካሮሊና ሬዲቪቫ ቤተ መጻሕፍት ሰገነት ላይ ነጭ የተማሪ ቆቡን ያነሣል፤ ኮረብታው ላይ የቆመው ሕዝብም የየራሱን ቆብ ያደርጋል። ቆብ የሌለው አይከለከልም። ከዚያ ወጣቱ ሻምፓኝ ወደሚረጭባቸው የናሽን ግቢዎች ቁልቁል ይሮጣል፤ ደህና ልብስና ያልተሸፈነ ስልክ ይዛችሁ እንዳትገቡ። ማታ 21:00 ላይ ቤተ መንግሥቱ አጠገብ ባለው የጉኒላ ደወል ሥር በ1830 የተመሠረተው አልመና ሶንገን የተባለው መዘምራን ጸደይን ይቀበላል።

ስሙ የጸደይ በዓል ቢሆንም ብርዱን አትናቁ፤ በረዶ የጣለበት ጊዜ አለ። ቀኑን የሚያበላሸው ግን ከብርዱ ይልቅ ባዶ ሆድ ነው። ብዙው ሰው በጠዋት ሻምፓኝ ይጀምርና 15:00 ሳይደርስ ይወድቃል። ቁርስ በደንብ ብሉ፣ የውኃ ጠርሙስ ያዙ፣ ማታ የት እንደምትገናኙ ከጓደኞቻችሁ ጋር ጠዋት ተነጋገሩ።

ለኦርቶዶክስ ተማሪ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ቀኑ አንዳንድ ዓመት ሰሙነ ሕማማት ላይ ይወድቃል፤ በ2024 እንዲያ ነበር፣ በ2027 ደግሞ በቀጥታ ስቅለት ላይ ይውላል። የታንኳው ውድድር፣ የቆቡ ሥርዓትና የማታው መዝሙር ሁሉም ከቤት ውጭ፣ በነጻና ያለ ምግብ ስለሆኑ ማየት ለፈለገ አይቸግሩም። የዓሣውን ምሳና የሻምፓኙን ግቢ ትኬት ግን በዚያ ዓመት ባትገዙት ይሻላል፤ ከተገዛ በኋላ ለሌላ መሸጥ የሚቻለው የናሽኑ ደንብ ከፈቀደ ብቻ ነው።