ጥንብ አንሳን ከላይ ሆኖ ማየት፦ የደብረ ሊባኖስ ገደል የአንድ ቀን ጉዞ

ባሕር ያላቸው አገሮች ሰዎች ወፍ ለማየት ወደ ባሕር ዳር ገደል ይሄዳሉ። እኛ ባሕር ባይኖረንም ገደል ሞልቶናል። ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዳችሁ ደብረ ሊባኖስ ገደል አፋፍ ላይ ስትቀመጡ፣ ጥንብ አንሳው ከእግራችሁ በታች ሲንሳፈፍ ጀርባውን ታያላችሁ።

ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። በክረምት ጉሙ ገደሉን ይሸፍነዋል። ከመነሣታችሁ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን ከሚመላለሱበት ሹፌሮች ጠይቁ።

ጠዋት 12 ሰዓት ውጡ፤ ግን ገደሉ ጋ ለመድረስ አትጣደፉ። ጥንብ አንሳ ከባድ ወፍ ነው። ፀሐይ መሬቱን አሙቃ፣ አየሩ ወደ ላይ መነሣት እስኪጀምር ከቋጥኙ አይንቀሳቀስም። ብዙውን ጊዜ ከ3 ሰዓት በፊት ብትደርሱ የምታዩት ባዶ ሰማይ ነው። ስለዚህ ማለዳውን ለእኛ ሰፈር፣ ለሱሉልታ ሜዳ ስጡት። ረግረጉ ዳር ጥንድ ጥንድ ሆኖ የሚግጥ ግራጫ ዝይ አለ። ሲበር ክንፉ ላይ ሰማያዊ ይታያል። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር ዓለም ላይ የትም የለም። እኔ በየሳምንቱ እያየሁት እንኳ አልጠገብኩትም።

ከዚያ በጫንጮና በሙከ ጡሪ አድርጋችሁ ቀጥሉ። ፖርቱጋል ድልድይ የሚባለው አካባቢ ጥሩ መቀመጫ ነው። ስሙ እንዲያ ይሁን እንጂ ያሠሩት የዐፄ ምኒልክ አጎት ራስ ዳርጌ ናቸው ይባላል። ከአፋፉ ጥቂት ሜትር ራቁ፤ ሣሩ ያንሸራትታል። ደማቅ ልብስ አትልበሱ። ቁጭ በሉና ዝም በሉ።

በባይኖኩላር መጀመሪያ ወፉን ሳይሆን ቋጥኙን ፈልጉ። ኖራ የፈሰሰበት የሚመስል ነጭ መስመር ካያችሁ ኩሱ ነው፤ ማደሪያው ወይም ጎጆው እዚያ አለ።

ክንፉ ሰፊ፣ ጅራቱ አጭር ከሆነ ጥንብ አንሳ ነው። ክንፉ ጠበብ፣ ጅራቱ ረዘም ብሎ ጫፉ ከሾለ ግን ጢማሙ አጥንት በል ነው፤ ዓይናችሁን አትንቀሉበት። አጥንት ይዞ ሽቅብ ይወጣና ድንጋይ ላይ ይለቀዋል፤ ሲሰበር ወርዶ ይበላዋል። ጥቁር ሆኖ ጀርባው ላይ ነጭ ያለበት ንስር ደግሞ ሽኮኮ አዳኝ ነው። ሽኮኮዎቹ በድንገት ሲሸሸጉ ቀና በሉ። ማጅራቱ ነጭ፣ መንቁሩ ወፍራም የሆነው ቁራ ምሳችሁ ጋ ራሱ ይመጣል። እሱንም ሆነ ጭላዳዎቹን አታብሉ።

ልጆች ድንጋይ እንዳይወረውሩ አደራ። ገደሉ ላይ በብዛት የምታዩት የሩፔል ጥንብ አንሳ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወፎች አንዱ ነው። የምትጥለው አንድ እንቁላል ብቻ ነው። ለጅብ ወይም ለውሻ ተብሎ የተመረዘ ሥጋ መንጋውን በአንድ ቀን ይፈጀዋል። ይህን ለምታገኟቸው እረኞችም ንገሯቸው፤ እነሱ ከማናችንም በላይ ገደሉን ያውቁታል።

ከ6 ሰዓት በኋላ ወፎቹ ከፍ ብለው ይርቃሉ። ያኔ ነጠላችሁን ይዛችሁ ወደ ገዳሙ ውረዱ፤ የዛፍ ወፎቹ እዚያ ናቸው። ሳይመሽ ለመግባት 9 ሰዓት ላይ መልስ ጀምሩ።