የተበተነ ሮክ ባንድ ጅማ ላይ ሰብስቦ የሙዚቃ ቤት ልደት እንዴት ይከበራል

ጅማ ውስጥ ላይቭ ሙዚቃ ያለው ቤት ካላችሁ ወይ ለእንዲ አይነት ቤት ፕሮግራም የምትሰሩ ከሆነ፣ እና ለቤቱ 10ኛ ወይ 20ኛ አመት ድሮ ከየባንዱ ተውጣጥተው አብረው ሲጫወቱ የነበሩ አሁን ግን የተበታተኑ ሮከሮችን አንድ መድረክ ላይ ልትመልሱ ካሰባችሁ እንዴት እንደሚሰራ ልንገራችሁ። ከሁሉ በፊት ግን ያላችሁን ብርና ግዜ መጀመሪያ ልምምድ ላይ አውሉት፣ ፖስተሩ ዲኮሩ ኬኩ ምናምኑ በተረፈው ይሰራል። ሰው ትኬት የሚቆርጠው በስማቸው ነው፣ ሲወጣ የሚያወራው ግን አብረው እንዴት እንደተጫወቱ ነው፣ ለአመታት ሳይገናኙ ቆይተው በአንድ ሳውንድ ቼክ (ከዝግጅቱ በፊት በሚደረግ የድምፅ ሙከራ) ብቻ መድረክ ከወጡ ደሞ እያንዳንዳቸው የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆኑ ያስታውቅባቸዋል።

ቀኑን ቀድማችሁ ቁረጡ። ክረምት አይሞከርም፣ የጅማን ዝናብ የምታውቁት ነው፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ሰውም አይወጣም እቃም ይበሰብሳል። ሁዳዴንና ረመዳንንም ዝለሉ፣ ረመዳን በየአመቱ 11 ቀን ገደማ ስለሚቀድም ያምናውን አይታችሁ እንዳትቆርጡ ካላንደር እዩ። ለኔ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ያለው ግዜ ነው ምርጡ፣ ዝናቡም ቀንሷል፣ ቡና የሸጠ ሰውም እጁ ላይ ብር አለው፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪም ከተማ ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ሰዎቹ። ብዙ አዘጋጅ መጀመሪያ የሚደውለው ለዘፋኙ ነው፣ እኔ ግን ከድራመሩና ከቤዚስቱ ጀምሩ ነው የምለው፣ እነሱ ሁለቱ እሺ ካሉ ባንዱ አለ ማለት ነው፣ ዘፋኝና ሊድ ጊታር ብቻ ይዛችሁ የቀረውን በተከራየ ሰው ብትሞሉት ግን የመጣው ሰው የሚያየው ሌላ ባንድ ነው። ለእያንዳንዱ ለብቻው ደውሉ፣ ጋሼ እያላችሁ በክብር አናግሩ፣ ቴሌግራም ግሩፕ መክፈት ከዛ በኋላ ነው ምክንያቱም ግሩፕ ላይ የድሮ ነገር በአንድ ቮይስ ሜሴጅ ሊነሳ ይችላል። ስትደውሉ ደሞ "የትኛውን ዘፈን መጫወት አይፈልጉም?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ቅሬታው ያለው እዛ ዘፈን ላይ ነው፣ ማን ደረሰው ማን ስሙ ቀረ የሚባለው ነገር። ክፍያውን ለሁሉም እኩል አርጉ፣ በፅሁፍ ይሁን፣ ቀብዱንም በአንድ ቀን ላኩላቸው።

ይሄ ጉዳይ ትልልቆቹንም የፈተነ ነው። የእንግሊዙን ሮክ ባንድ ክሪምን ውሰዱ፣ ኤሪክ ክላፕተን፣ ጃክ ብሩስና ጂንጀር ቤከር፣ ሶስቱም ከሌላ ባንድ ስም ይዘው የመጡ፣ በ1968 እ.ኤ.አ ህዳር ለንደን ሮያል አልበርት ሆል ተሰናብተው ተበተኑ፣ በ2005 እ.ኤ.አ ግንቦት እዛው አዳራሽ ተመልሰው አራት ምሽት ተጫወቱ። የብሩስና የቤከር ፀብ በሙዚቃ አለም የታወቀ ነው፣ አንዱ መነሻ ደሞ የድምፅ መጠን ነበር፣ ድራመሩ ቤከር የብሩስ ቤዝ አምፕ (የድምፅ ማጉያው) በጣም ይጮሃል እያለ ያማርር ነበር። ስለዚ የመድረክ ቮሊውም የቴክኒሻን ጉዳይ ብቻ መስሎ እንዳይታያችሁ፣ ሰው ያጣላል።

ውጪ ያለ አባል ካለ ቶሎ ጀምሩ። የኛ አገር ባንዶች ታሪክ ራሱ እንደዛ ነው፣ ዋልያስ ባንድ በ1981 እ.ኤ.አ አሜሪካ ለቱር ሄዶ ከአባላቱ የተወሰኑት እዛው ቀርተዋል። ውጪ ላለው ሰው የእያንዳንዱን ዘፈን ሪከርድ ከነ ቁልፉ (የሚዘፈንበት የድምፅ ከፍታ) እና ከነ ፍጥነቱ ላኩለት፣ ብቻውን አጥንቶ ይምጣ። ቲኬቱን ስትቆርጡ አዲስ አበባ ገብቶ አንድ ሌሊት እንዲያርፍ አርጉ፣ ከዛ በአባጅፋር ኤርፖርት ቢመጣ ይሻላል፣ በመኪና ከሆነ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በወሊሶ በወልቂጤ አድርጎ የጊቤን ቁልቁለት ወርዶ የመጣ ሰው የዛኑ ቀን ማታ ዱላ ይዞ ድራም ላይ አይቀመጥም።

ልምምዱን ጅማ ላይ፣ እዛው ቤት ውስጥ አርጉት፣ ቢያንስ ሶስት ቀን፣ ከሰአት ቤቱ ባዶ ሲሆን። የመጀመሪያውን ቀን ዘፋኙን አትጥሩት። ድራምና ቤዝ ብቻቸውን ይጀምሩ፣ ቤዚስቱ ከድራመሩ በግራ በኩል ተጠግቶ የባስ ድራም ፔዳሉን የሚረግጠውን እግር እያየ ይጫወታል፣ መጀመሪያ ላይ ጣቱ ትንሽ ይዘገያል፣ ድራመሩ ቀና ብሎ ያየዋል፣ ያቆማሉ፣ ያንኑ አጭር የዘፈኑን ክፍል ደግመው ይመቱታል፣ ከዛ የሆነ ግዜ ላይ ሁለቱም ሳይተያዩ አንድ ላይ ያርፋሉ። እዛ ሲደርሱ ጊታሩን አስገቡ፣ ከዛ ኪቦርዱን።

ቁልፍ ላይ ደሞ አትከራከሩ፣ ድምፅ ከእድሜ ጋር ይወርዳል። ዘፋኙን ድሮ በዘፈነበት ቁልፍ ማስጮህ እሱን ማሰቃየት ነው፣ ግማሽ ወይ አንድ ድምፅ አውርዱለት። ኪቦርድ ትራንስፖዝ (ቁልፉን በራሱ የሚቀይር) አለው፣ ጊታር ግን በክፍት ክር (ክሩ በጣት ሳይጫን) የሚመታ ሪፍ፣ ማለትም የሚደጋገም አጭር ዜማ፣ ካለ ጣት በመቀየር ብቻ ያው ድምፅ አይመጣም፣ ስለዚ ስድስቱንም ክር በዛው ልክ አውርዶ መቃኘት ነው፣ ሁለተኛ ጊታር ቀድሞ ተቃኝቶ ስታንድ ላይ ቢቀመጥ ደሞ በዘፈን መሃል ሰው አይጠብቅም። ዝርዝሩ ከ12 ዘፈን ባይበልጥ ጥሩ ነው። አንዱ በባቲ ወይ በትዝታ ቅኝት ይሁን፣ ጃኖ ባንድ እንዳሳየን ሮክና የኛ ቅኝት ሲገናኙ ያምራል። አንድ የአፋን ኦሮሞ ዘፈን ከሌለበት ግን የጅማ ኮንሰርት ነው አልለውም፣ ህዝቡ በሁለቱም ቋንቋ ነው አብሮ የሚዘፍነው። የሌላ ሰው ስራ የምትጫወቱ ከሆነ ባለመብቱን ወይ ቤተሰቡን አስፈቅዱ፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የመብቱን እድሜ ደራሲው ካረፈ በኋላ 50 አመት አድርጎታል።

መብራት! መብራት መሄዱ አይቀርም ብላችሁ ነው መዘጋጀት ያለባችሁ። ጄኔሬተሩን ከግድግዳ ጀርባ ራቅ አርጋችሁ አስቀምጡ፣ ነዳጁ ከሰአት ላይ ሙሉ ይሁን፣ ከመብራት ወደ ጄኔሬተር ሲዞር ደሞ ለጥቂት ሰከንድ ይቋረጣል፣ ያቺ ጥቂት ሰከንድ ኪቦርዱንና ዲጂታል ሚክሰሩን አጥፍታ ታስነሳቸዋለች፣ ስለዚ ሁለቱን ዩፒኤስ (መብራት ሲቋረጥ የሚያቆይ ባትሪ) ላይ ሰኩ። የመድረኩ እቃ በሙሉ ከአንድ መስመር ይምጣ፣ ኧርዙም (የመሬት ሽቦው) ይረጋገጥ፣ ካልሆነ ያ "ህምምም" የሚል የ50 ኸርዝ ድምፅ ሙሉ ምሽት ይከተላችኋል። ቤቱ ትንሽ ከሆነ የአምፖቹን ድምፅ ዝቅ አርጋችሁ አምፖቹን ወደ ተጫዋቹ ጆሮ አዙሯቸው፣ ከዛ የዘፋኙ ሞኒተር (ራሱን የሚሰማበት ስፒከር) መጀመሪያ ይስተካከል፣ ሌላው በሱ ልክ ይምጣ።

ፈቃዱን በተመለከተ ከከተማ አስተዳደሩም ከፖሊስም ጋር ቀደም ብላችሁ ተነጋገሩ፣ ለጎረቤትም ሄዳችሁ በአካል ንገሩ። ትኬት ቤቱ ከሚችለው በላይ አትሽጡ፣ በቴሌብር የሸጣችሁትንና በወረቀት የሸጣችሁትን አንድ ሰው ብቻ ይቁጠረው።

በእለቱ የጅማ ልጆች ባንድ ይክፈት፣ 30 ደቂቃ፣ በዛው ድራምና በዛው አምፕ፣ ለነሱ ትልቅ እድል ነው፣ በነሱ ላይም ሳውንዱ ይስተካከላል። ንግግሩና ኬኩ ዋናው ባንድ ከመውጣቱ በፊት ይለቅ፣ አንዴ መጫወት ከጀመሩ መሃል ገብቶ ስፖንሰር ማመስገን የለም። ከሚክሰሩ ቀጥታ በየቻናሉ ሪከርድ አርጉ፣ ግን ከቀብዱ ጋር ባስፈረማችሁት ወረቀት ላይ ሪከርዱ የማን እንደሆነ ይፃፍ። የቀረውን ክፍያ ደሞ ጊታራቸውን ከረጢት ሳይከቱ እዛው ማታውኑ ስጧቸው።