በመብራት ይሞላል፣ በሶላር እምቢ ይላል፦ የፓወር ስቴሽን ችግርና መፍትሄ

ደብረ ብርሃን ባለችው የጥገና ቤቴ ፓወር ስቴሽን፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ባለ ባትሪ ሳጥን፣ ታቅፎ የሚገባ ሰው ሁሉ የሚለው አንድ ነው፦ «ባትሪው ሞቷል።» ባትሪው ግን ብዙ ጊዜ ደህና ነው። በመብራት ስሰካው ጢም ብሎ ይሞላል፣ ቴሌቪዥንም ያሠራል። የሞተው የሶላር መግቢያው ነው፤ የገደለውም ያለ ልኩ የተሰካበት ፓኔል ነው።

በመብራት ይሞላል፣ በሶላር ዜሮ ዋት ያሳያል

ሰው ፓኔል ሲገዛ የሚጠይቀው ዋቱን ነው። መሣሪያውን የሚያቃጥለው ግን ቮልቱ ነው። አምፔሩን መሣሪያው የሚበቃውን ያህል ብቻ ይስባል። ቮልቱ ግን ተፈለገም አልተፈለገም ሙሉውን ይገባል።

ፓኔሉን ገልብጡና ጀርባው ላይ «ቪ-ኦ-ሲ» የሚለውን ቁጥር ፈልጉ። ምንም ሳይሰካበት የሚያወጣው ቮልት ማለት ነው። «ባለ 12 ቮልት» እየተባለ የሚሸጠው ባለ 36 ሴል ፓኔል እንኳ ይህ ቁጥሩ 22 አካባቢ ነው። ትልቁ ባለ 550 ዋት ደግሞ ወደ 50 ይጠጋል። ትንንሾቹ ፓወር ስቴሽኖች የሚችሉት ብዙውን ጊዜ እስከ 28 ወይም 30 ቮልት ነው።

አንድ ወጣት ፀጉር አስተካካይ ባለ 550 ዋቱን ገዝቶ 28 ቮልት በሚችለው ላይ ሰካው። «ጋሼ፣ አንድ ፓኔል ብቻ እኮ ነው!» አለኝ። ክዳኑን ስከፍት የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። የመግቢያው ሞስፌት፣ ኤሌክትሪኩን የሚከፍትና የሚዘጋው ቁራጭ፣ ጀርባው ተሰንጥቋል፣ ሥሩ ያለው ቦርድ ጠቁሯል። ሻጩ «ይሠራል፣ ሰካው» ብሎት ነበር። እንዲህ ያለ ሻጭ ያበሳጨኛል፤ ሁለት ቁጥር አስተያይቶ መናገር ምን ይከብዳል?

ሁለተኛው የሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ ነው። የእሱ መሣሪያ 50 ቮልት ይችላል፣ ፓኔሉ ላይ የተጻፈው 49.8 ነው። በወረቀት ያልፋል። ወራት ሠራለት። በታኅሣሥ፣ ውርጭ ባደረበት አንድ ጠዋት ግን ጸጥ አለ። የተጻፈው ቁጥር በ25 ዲግሪ ሙቀት የተለካ ነው፤ ከዚያ በታች ለእያንዳንዱ ዲግሪ ቮልቱ በ0.3 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ዜሮ ዲግሪ ላይ 49.8 የነበረው 53.5 ይሆናል። ስከፍተው «50 ቮልት» የሚል ጽሑፍ ያለበት ካፓሲተር (ቻርጅ የሚይዝ ትንሽ የቦርድ ዕቃ) አናቱ አብጦ አገኘሁት። ጥሩ መሣሪያ ትርፍ ቮልት ሲያይ ስህተት ጽፎ ይዘጋል፤ ርካሹ ዝም ብሎ ይቃጠላል።

መፍትሄው፦ ከተፈቀደው ቮልት ቢያንስ 15 በመቶ አስተርፉ። 28 ለሚችል መሣሪያ ከ24 በላይ አትሰኩ። ሁለት ባለ 22 ቮልት ፓኔሎች ካሏችሁ በፓራለል፣ ፖዘቲቭን ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭን ከኔጌቲቭ አገናኙ፤ ቮልቱ እዚያው 22 ላይ ይቆያል። በሲሪየስ፣ የአንዱን ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጌቲቭ፣ ካያያዛችኋቸው 44 ይሆንና ያቃጥላል። ደመና ነው ብላችሁም አትዘናጉ፤ ደመና አምፔሩን ነው የሚቀንሰው፣ ቮልቱ ከሞላ ጎደል እንዳለ ነው። ትልቁን ፓኔል አስቀድማችሁ ከገዛችሁ ሽጡትና ልኩን ግዙ።

አንዴ ከተቃጠለ ሞስፌቱና ካፓሲተሩ ይቀየራሉ። ዋናው አይሲ፣ መሙላቱን የሚቆጣጠረው ቺፕ፣ ከሄደ ግን ስም ለሌላቸው መሣሪያዎች መለዋወጫ አይገኝም። በካቻቢቴ ራሳችሁ አትነካኩት፤ መሣሪያው ቢጠፋም ውስጡ ያለው ባትሪ ሕያው ነው።

ሲሰካ ብልጭ ብሎ ጸጥ ይላል

ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ተገላብጧል። ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ ርካሹ መቀየሪያ ገመድ ነው፤ ቀዩ ሽቦ ከኔጌቲቭ ጋር የተበየደበት አዲስ ገመድ ከነላስቲኩ መጥቶልኛል። ቀለም አትመኑ። መልቲሜትሩን ዲሲ ላይ አድርጋችሁ፣ ወደ መሣሪያው የሚገባውን የመጨረሻውን ጫፍ ለኩ፤ የፓኔሉን ጫፍ ሳይሆን። በኤክስቲ-60 መሰኪያ ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ፕላስቲኩ ላይ ተቀርጿል። ቀዩን መለኪያ መደመሩ ላይ ስታደርጉ ስክሪኑ የመቀነስ ምልክት ካሳየ፣ አትሰኩ። ቮልቱንም በዚያው አንብቡት፤ ወረቀቱ ይዋሻል።

ይሞላል፣ ግን ከ200 ዋት 60 ብቻ

መሃል ላይ የድሮው ቻርጅ ኮንትሮለር (የባትሪ አሞላል መቆጣጠሪያ) ካለ አውጡት። ፓወር ስቴሽኑ የራሱ አለው፤ ሁለቱ እርስ በርስ ይጣላሉ። ቀጥሎ ገመዱን እዩ። 10 አምፔር በ1.5 ካሬ ሚሊ ገመድ 10 ሜትር ሲሄድ ከ18 ቮልቱ 2.3 መንገድ ላይ ይቀራል። ባለ 4 ካሬ ሚሊ ግዙ፣ የስፒከር ሽቦ ተዉ።

ሁለቱም ደህና ከሆኑ የፓኔሉን ርዝመትና ወርድ በሜትር ለኩ። አንድ ካሬ ሜትር ጥሩ ፓኔል፣ በጠራ ፀሐይ 200 ዋት ገደማ ነው የሚሰጠው። ግማሽ ካሬ የማይሞላ ነገር ላይ «200 ዋት» ብሎ መለጠፍ ሌብነት ነው።

እየሞላ ሳለ የፓኔሉን ገመድ የሚያገናኘውን የኤምሲ-4 ማያያዣ አትንቀሉ፤ የዲሲ ብልጭታ እንደ መብራቱ ቶሎ አይጠፋም፣ ፕላስቲኩን ያቀልጣል። መጀመሪያ ፓኔሉን በብርድ ልብስ ሸፍኑ።

እኩለ ቀን ላይ መሙላቱን ካቆመ ሞቆት ነው። ፀሐይ ላይ መቀመጥ ያለበት ፓኔሉ እንጂ ሳጥኑ አይደለም፤ ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ ሲበርድ ራሱ ይቀጥላል።