የልጅ ጥርስ ከመቦርቦሩ በፊት፦ ነጩን ነጥብ በፍሎራይድ ቫርኒሽ እንዴት ማዳን ይቻላል?

የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ትልቋ ልጄ ሦስት ዓመቷ ላይ የላይኛው የፊት ጥርሶቿ፣ ልክ ድዱ ሥር፣ ነጭ መስመር አወጡ። ጠመኔ የተነሰነሰባቸው ይመስላሉ። አንድ ክሊኒክ ወሰድኳት። «የወተት ጥርስ ነው፣ ይወድቃል» ተብዬ ተመለስኩ። ዓመት ሳይሞላው ያ መስመር ቡናማ ቀዳዳ ሆነ። ጉንጯን ይዛ ስታለቅስ ያደረችበትን ሌሊት መቼም አልረሳውም። ታናሽ ወንድሟ ላይ ግን ነጩን ነጥብ በጊዜ አየሁት። የፍሎራይድ ቫርኒሽ የሚባል ቅባት ተቀብቶለት ጥርሱ ሳይሰረሰር ዳነ።

ነጩ ነጥብ ምን መሰላችሁ? አፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳር ባገኙ ቁጥር አሲድ ያመርታሉ። የአፍ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ በረታ ማለት ነው) ከ5.5 ገደማ በታች ሲወርድ ከጥርሱ የላይኛው ሽፋን፣ ኢናሜል ከሚባለው፣ ካልሲየምና ፎስፌት እየሟሟ ይወጣል። ምራቅ ደግሞ ቀስ እያለ ይመልሰዋል። የሚወጣው ከሚመለሰው ሲበልጥ ከላይ ደህና የሚመስል፣ ከሥሩ ግን የሳሳ ቦታ ይፈጠራል። እዚህ ደረጃ ላይ ጥርሱ ገና ይድናል። ፍሎራይድ የሚባለው ንጥረ ነገር ያ የወጣው ማዕድን ቶሎ እንዲመለስ ያግዛል፤ የተመለሰውም ከበፊቱ ይልቅ አሲድ የሚቋቋም ይሆናል። ቀዳዳ ከወጣ በኋላ ግን ቫርኒሽ አይሞላውም። ያኔ ማስሞላት ነው።

መጀመሪያ ቤት ውስጥ እዩ

ልጁን መስኮት አጠገብ ጭናችሁ ላይ አጋድሙት። የላይኛውን ከንፈር በአውራ ጣት ቀስ አድርጋችሁ ግለጡ። ጥርሱን በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ጥረጉና ትንሽ ጠብቁ። ይህቺን ማድረቅ አትዝለሏት። እርጥብ ጥርስ ሁሉ ያብረቀርቃል፤ ነጥቡም ይደበቃል። ሲደርቅ ግን ጤነኛው እንዳንጸባረቀ ይቀራል፣ የሳሳው ቦታ ደብዝዞ ይነጣል። በተለይ ጥርሱና ድዱ የሚገናኙበትን ጠርዝ ተመልከቱ። በወር አንዴ ብታዩ ይበቃል።

አደራ፣ በስቴኪኒ ወይም በመርፌ አትጎርጉሩት። ስሱ ሽፋን ከተሰበረ፣ ሊድን የነበረውን ጥርስ እኛው ቀደድነው ማለት ነው።

ነጭ ነገር ሁሉ መበስበስ አይደለም። ቤተሰባችሁ ከወንጂ፣ ከመተሐራ ወይም ከዝዋይ አካባቢ ከሆነ በጥርስ ላይ ነጭ ዝንጉርጉር ወይም ቡናማ ቀለም ታውቁ ይሆናል። እሱ ፍሎሮሲስ ነው። በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ ስለሚበዛ፣ ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ እየተሠራ ሳለ ለዓመታት የተጠጣው ውሃ የሚያመጣው ነው። አብዛኛውን ጊዜ በግራና በቀኝ ጥርሶች ላይ ተመሳስሎ ይታያል። ጎረቤቴ «ፍሎራይድ አይደል እንዴ የወንድሜን ጥርስ ያበላሸው?» ብላ ቫርኒሹን ፈርታው ነበር። ፍርሃቷ ይገባኛል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ ፍሎሮሲስ የሚመጣው ከዚያ በላይ ፍሎራይድ ያለበት ውሃ በየቀኑ ሲጠጣ ነው። ቫርኒሹ ደግሞ ለወተት ጥርስ ሩብ ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ የሚቀባውም በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። እንዲያም ሆኖ እንዲህ ካለ አካባቢ ከመጣችሁ ለባለሙያው ንገሩት።

ከመሄዳችሁ በፊት

ሁሉም ጤና ጣቢያ የጥርስ ክፍል የለውም። ከከተማ ዳር ሆኖ በታክሲ ከመንከራተት መጀመሪያ ደውሉና «ለልጅ የሚቀባ የፍሎራይድ ቫርኒሽ አላችሁ?» በሉ። ልጁን አብሉት፤ ከተቀባ በኋላ እንደልቡ አይበላም። ቫርኒሹ ብዙ ጊዜ የጥድ ሙጫ አለበት። ስለዚህ የቁስል ፕላስተር ቆዳውን የሚያስቆጣው፣ አስም ሆስፒታል ያስተኛው ወይም ድዱ የቆሰለ ልጅ ከሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

መቀባቱ ራሱ ደቂቃዎች ነው። መርፌ የለም፣ መሰርሰሪያ የለም። ባለሙያዋ ከኔ ጋር ፊት ለፊት ተቀመጠች፣ ጉልበታችን ተገናኘ፣ ልጄ ጭንቅላቱን እሷ ጭን ላይ አሳረፈ። ጥርሱን በጎዝ አደረቀች። ትንሽ ብሩሽ ነክራ ስስ አድርጋ ቀባችው። እንደ እንጨት ቫርኒሽ ይደርቃል ብዬ ስጠብቅ፣ ለካ ምራቅ ሲነካው ነው የሚጠነክረው። የተለመደው ዓይነት 5 በመቶ ሶዲየም ፍሎራይድ ነው። ጥርሱን ቢጫ ሊያስመስለው ይችላል፤ በማግስቱ ሲቦረሽ ይለቃል።

ቤት ስትገቡ ዋናው ሥራ ቫርኒሹ ጥርሱ ላይ እንዲቆይ ማድረግ ነው። የዚያን ቀን ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ማስቲካ የለም። ትኩስ ሻይና ሾርባም ይቆይ። እንጀራ ፍርፍር ቀዝቀዝ ብሎ ይሆናል። ባለሙያው ሌላ ካላላችሁ እስከ ማግስቱ አትቦርሹ።

ከዚያ በኋላ ያለው

ቀኑን ሙሉ ከረሜላ የሚልስ ወይም ማታ ስኳር ያለው ወተት በጡጦ ይዞ የሚተኛ ልጅ ቫርኒሽ ብቻውን አያድነውም። የስኳሩ ብዛት ብቻ ሳይሆን ድግግሞሹም ይጎዳል። ሻዩን ከምግብ ጋር ይጠጣው፤ በየመሀሉ ውሃ ስጡት። ጠዋትና ማታ በፍሎራይድ የጥርስ ሳሙና ቦርሹለት። ቱቦው ላይ ከ1000 እስከ 1500 ፒፒኤም (የፍሎራይዱ መጠን ነው፣ ppm ተብሎ ይጻፋል) የሚል ፈልጉ። ከሦስት ዓመት በታች የሩዝ ፍሬ ታህል፣ ከዚያ በላይ የአተር ፍሬ ታህል ትበቃለች። ይትፋ፣ ግን ብዙ ውሃ አይጉመጥመጥ። መፋቂያ የለመደ ቤት መፋቂያውን አይተው፤ ማታ ግን ሳሙናና ብሩሽ ይጨመርበት።

አንዴ ተቀብቶ አያልቅም። ነጥብ ላለበት ልጅ በየሦስት ወይም በየስድስት ወሩ ይደገማል። እኔ በበዓል ነው የማስታውሰው፦ እንቁጣጣሽ ሰሞን፣ ከዚያ መጋቢት ላይ። መዳኑን የምታዩት እንደ መጀመሪያው አድርቃችሁ ነው። ደብዛዛው ጠመኔ ወደሚያብለጨልጭ ከተለወጠ ቆሟል፤ ትንሽ የነጣ ወይም የጠቆረ ጠባሳ ቢቀር አያስፈራም። ከሰፋ ወይም ከጎደጎደ ግን ቀጠሮውን ሳትጠብቁ ሂዱ። የልጄ ጥርስ ላይ ነጩ ምልክት ዛሬም በስሱ አለ። ባለፈው እሑድ በጨርቅ አድርቄ አየሁት፣ ያብለጨልጫል።